ከዋሻው ግድግዳ ወደ ሕዝብ ዓይን፦ የድሬ ዳዋ ጥንታዊ ሥዕሎች የቅጂ ታሪክ

ከድሬ ዳዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ገራድ ኤረር በተባለው ኮረብታ አናት አጠገብ፣ የኖራ ድንጋይ ዋሻ አለ። ዋሻው ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ገደል ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ በጥናት ጽሑፎች የሚታወቀው ፈረንሳውያን ባወጡለት «ፖርክ ኤፒክ» በሚለው ስም ነው፤ የጃርት ዋሻ ማለት ነው። ከከተማዋ ራቅ ብሎ በሚገኘው ተራራማ አካባቢ ደግሞ ዐለቱ እንደ ጣሪያ ወጣ ብሎ የሸፈናቸው ለገ ኦዳ እና ጎዳ አጃዋ የተባሉ ሥዕል ያለባቸው ሥፍራዎች፣ እንዲሁም ጎዳ ቡቲቻ የተባለ ሌላ ዋሻ ይገኛሉ።

እነዚህ ሥፍራዎች ለድሬ ዳዋ ቅርብ ናቸው፤ ለአብዛኛው ነዋሪዋ ግን ሩቅ ናቸው። መንገዱ ዳገትና ጠጠር ነው፤ ፀሐዩም ይከብዳል። ሥዕሎቹ ራሳቸው የሚነካቸውን ሁሉ የማይችሉ፣ ብዙ ጎብኚ የማይሸከሙ ቅርሶች ናቸው። ስለዚህ ስለ እነርሱ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያውቃቸው በቅጂ ነው፦ በእጅ በተገለበጠ ሥዕል፣ በፎቶግራፍ፣ በኮምፒውተር ምስል። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ወይም ምናባዊ እውነታ የሚባለው ቴክኖሎጂ የዚህ ረጅም የቅጂ ታሪክ የቅርቡ ምዕራፍ ነው። ከቀደሙት ጋር አብሮ ሲታይም የሚጨምረው ነገር እና የሚያስከትለው ኃላፊነት ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

ዋሻዎቹ የያዙት

ፖርክ ኤፒክ በመጀመሪያ ደረጃ የሥዕል ሳይሆን የኑሮ ሥፍራ ነው። በወለሉ አፈር ውስጥ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ሰዎች የሠሯቸው ጫፈ ሹል የድንጋይ መሣሪያዎች፣ የታደኑ እንስሳት አጥንቶች እና የአንድ ሰው የታችኛ መንጋጋ ስባሪ ተገኝተዋል። ከሁሉ በላይ ዋሻውን ያስጠራው ግን ቀለም የሚሰጠው ቀይና ቢጫ አፈር፣ ኦከር የሚባለው ነው። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በተከማቹት ንብርብሮች ውስጥ 4,213 የኦከር ቁርጥራጮች የተገኙ ሲሆን፣ አንድ ላይ ሲመዘኑ 40 ኪሎ ግራም ያህል ናቸው። ብዙዎቹ ተፈጭተው ወይም ተፍቀው ዱቄት የወጣባቸው ናቸው፤ ከመፍጫ ድንጋዮቹም ከፊሎቹ የቀለም ቅሪት ይዘው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 ይፋ የሆኑት ጥናቶች እንደሚያሳዩት በዚህ ዋሻ ቀለም የማዘጋጀት ልምድ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሳይቋረጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል። በመካከላቸው ቀዳዳ ያላቸው በመቶ የሚቆጠሩ የየብስ ቀንድ አውጣ ክዳኖችም የተገኙ ሲሆን፣ አጥኚዎች ምናልባት ለጌጥ ያገለገሉ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያስባሉ።

በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች ከዚህ ኦከር በእጅጉ ያነሰ ዕድሜ አላቸው። ሰዎችን፣ እንስሳትን እና ምልክቶችን የሚያሳዩ ሲሆን፣ ዛሬ ደብዝዘው በግድ የሚለዩ ሆነዋል። የአካባቢውን የሥዕል ባህል በሙሉ ውበቱ ለማየት ወደ ለገ ኦዳ መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ በመቶ የሚቆጠሩ ምስሎች በቀይ፣ በነጭ፣ በጥቁርና በቢጫ ቀለም ተሥለዋል። ቀዳሚው ርዕሰ ጉዳይ ከብት ነው። ሻኛ የሌላቸውና ቀንዳቸው የረዘመ ላሞች ገላቸው ከጎን፣ ቀንዳቸው ግን ከላይ እንደታየ ሆኖ ቀርቧል፤ ግታቸውም በጥንቃቄ ጎልቶ ተሥሏል። ሠዓሊው የወተትን ዋጋ የሚያውቅ አርቢ እንደነበር ከዚህ መረዳት አያዳግትም። በርካታ አጥኚዎች እነዚህን የከብት ሥዕሎች ከሦስት ሺህ እስከ አምስት ሺህ ዓመት ዕድሜ ይሰጧቸዋል። ዛሬ በአካባቢው የሚረባው ከብት ሻኛ ያለው በመሆኑ፣ ሥዕሎቹ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላና ደጋ የከብት ዝርያ እንዴት እንደተለወጠ የሚመሰክሩ ሰነዶችም ናቸው።

በባቡር የመጡት ገልባጮች

ድሬ ዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ ወደ ሐረር ተራሮች ከመውጣት ይልቅ ከግርጌያቸው ባለው ሜዳ ሲያልፍ ከተማዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ እ.ኤ.አ. እስከ 1917 ድረስ ጊዜ የወሰደ በመሆኑ፣ በእነዚያ ዓመታት የውጭው ዓለም ሰዎችና ዕቃዎች ወደ መሀል አገር የሚገቡበት ዋና በር ድሬ ዳዋ ነበረች። የዋሻዎቹ ዜና ወደ አውሮፓ የደረሰውም በዚሁ በር በኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዊው የሥነ ምድር ሊቅና የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ቴያር ደ ሻርደን፣ በድሬ ዳዋ የዱቄት ወፍጮ ከነበረው ከጸሐፊውና ነጋዴው ሄንሪ ደ ሞንፍሬ ጋር ሆኖ ፖርክ ኤፒክን ተመለከተ፤ የሙከራ ቁፋሮም ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1933 የዋሻ ሥዕል ጥናት ዋና ስም የነበረው አባ ሄንሪ ብሩይ ከፖል ቬርኔር ጋር መጣ። ቬርኔር በቁፋሮው ሲሠራ፣ ብሩይ በፖርክ ኤፒክ እና በሐረር አካባቢ በሚገኘው ሱሬ ወይም ገንደ ቢፍቱ የተባለ ሥፍራ ያሉትን ሥዕሎች ገለበጠ። ቅጂዎቹ በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1934፣ «ላንትሮፖሎዢ» በተባለው የፓሪስ መጽሔት ታተሙ። የዓለም ሊቃውንት የምሥራቅ ኢትዮጵያን የዋሻ ሥዕሎች በሚገባ የተዋወቁት በዚህ ጽሑፍ ነው።

ብሩይ ወደ ድሬ ዳዋ ሲመጣ በመገልበጥ ሙያ ረጅም ልምድ ነበረው። ድሬ ዳዋ በተቆረቆረችበት በ1902፣ በስፔን አልታሚራ ዋሻ እርጥበቱ የውኃ ቀለም እንዳይደርቅ ቢከለክለው፣ በዋሻው የተሣሉትን ጎሾች በደረቅ የጠመኔ ቀለም ገልብጦ ነበር። የገልባጭ ሥራ ዓይንና እጅን ይጠይቃል፦ የደበዘዘውን መስመር ከድንጋዩ ስንጥቅ መለየት፣ አንዱ ሥዕል በሌላው ላይ የተደረበበትን ቅደም ተከተል መረዳት፣ ከዚያም መወሰን። ችግሩም እዚያው ነው። ገልባጩ ያላስተዋለው ሥዕል ለአንባቢው የለም፤ ገልባጩ አጥርቶ ያሠመረው መስመር ደግሞ በዋሻው ካለው በላይ ጥርት ያለ ሆኖ ይቀርባል። በወረቀቱ ላይ የግድግዳው ጉብታ፣ ሥዕሉ ከወለል ያለው ከፍታ፣ ፀሐይ የምትገባበት አቅጣጫ አይታዩም። እንዲህም ሆኖ የብሩይ ቅጂዎች ዛሬ ትልቅ ዋጋ አላቸው፤ ከእርሱ ወዲህ የጠፋውን ለመለካት የሚያስችሉ ቀዳሚ ምስክሮች ናቸውና።

ከእጅ ወደ ካሜራ

ቀጣዩ ምዕራፍ የተጻፈው በለገ ኦዳ ነው። የቼኮዝሎቫኪያ ተወላጁ ፓቬል ቼርቪቼክ የለገ ኦዳን ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሰፊ ጥናት በየክፍላቸው ዘረዘራቸው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1979 የሐረርጌን የከብት ሥዕሎች በሳውዲ ዓረቢያ ሐናኪያ ከሚገኙት ጋር አነጻጽሮ፣ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ተመሳሳይ የአሣሣል ባህል እንደነበረ በማሳየት «ሱሬ-ሐናኪያ» የሚል ስም ሰጠው። እንዲህ ያለው ንጽጽር ያለ ቅጂ የማይታሰብ ነው፤ ሁለት ግድግዳዎችን ጎን ለጎን ማቆም የሚቻለው በወረቀት ላይ ብቻ ነበርና።

በዚያው ዘመን አርኪዮሎጂስቱ ጄ. ዴዝሞንድ ክላርክ እና ኬኔት ዊሊያምሰን እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1976 በፖርክ ኤፒክ ሰፊ ቁፋሮ አካሄዱ፤ ክላርክ በለገ ኦዳም ቆፈረ። የዚያ ዘመን ቁፋሮ ግኝቶች በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጠው፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ስለ ኦከሩ ለተደረገው ጥናት መሠረት ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያዊው ዘላለም አሰፋ የተሳተፈበት ቡድን ጎዳ ቡቲቻን አጥንቶ፣ ከ60 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ የሰው አሻራ ያለበትን ንብርብር ገልጧል።

ካሜራው የገልባጩን ውሳኔ ቀነሰ፤ ያየውን ሁሉ፣ ስንጥቁንም ጥላሸቱንም ጭምር ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ1996 በናይሮቢ የተቋቋመው የአፍሪካ የዐለት ሥዕል ጥበቃ ተቋም፣ ታራ፣ የአህጉሪቱን ሥዕሎች በፎቶግራፍ ሲሰበስብ የኢትዮጵያንም አካትቷል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የብሪታንያ ሙዚየም ከዚህ ስብስብ 25 ሺህ ያህል ምስሎችን በኮምፒውተር መዝግቦ ለሕዝብ ክፍት አደረገ፤ የድሬ ዳዋ አካባቢ ሥዕሎችም በዚህ መንገድ ኢንተርኔት ላለው ሁሉ ተደራሽ ሆኑ።

ከፎቶግራፉ ጋር ሌላ መሣሪያ አብሮ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካዊው ጆን ሃርማን ዲስትሬች የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለአጥኚዎች አቀረበ። ፕሮግራሙ በፎቶግራፍ ውስጥ ያሉትንና ለዓይን አንድ የሚመስሉ ተቀራራቢ ቀለሞችን አራርቆ ያሳያል፤ በግራጫ ድንጋይ ላይ የጠፋ የሚመስል ቀይ መስመር ደምቆ ይወጣል። እንደ ፖርክ ኤፒክ ላሉ ደብዛዛ ግድግዳዎች ይህ ታላቅ እርዳታ ነው። ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ ጠፍጣፋ ነው። ሠዓሊው የዐለቱን ጉብታ እንደ ላም ሆድ ተጠቅሞበት ከሆነ፣ በፎቶግራፉ ላይ ያ ብልሃት ይጠፋል።

ለሁለት ዓይን ሁለት ምስል

ጥልቀትን በቅጂ ውስጥ የማስገባት ሐሳብ ከፎቶግራፍ ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን እ.ኤ.አ. በ1838 ስቴሪዮስኮፕ የተባለውን መሣሪያ ለሊቃውንት አቀረበ። ሰው ጥልቀትን የሚያየው ሁለት ዓይኖቹ አንድን ነገር በጥቂት ከተለያየ አቅጣጫ ስለሚያዩት ነው፤ ስለዚህ ለየዓይኑ የየራሱን ምስል ብንሰጠው አእምሮ ራሱ ጥልቀቱን ይሠራል። የዛሬው የምናባዊ እውነታ መነጽር የተመሠረተው በዚሁ መርሕ ላይ ነው። የተጨመረው ነገር እንቅስቃሴ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው አይቫን ሰዘርላንድ በራስ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ሠርቶ፣ ተመልካቹ ጭንቅላቱን ባዞረ ቁጥር ምስሉም አብሮ እንዲዞር አደረገ። መሣሪያው ከባድ በመሆኑ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ይሠራ ነበር። ወደ ተራው ሰው እጅ የቀረበው እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ነው፤ በ2014 ደግሞ ጉግል ስልክ የሚገባበት ከካርቶን የተሠራ ርካሽ መነጽር ይዞ ብቅ አለ።

መነጽሩ ግን ባዶ ቤት ነው፤ የሚታየው ዋሻ አስቀድሞ በኮምፒውተር መሠራት አለበት። ለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የሌዘር ቅኝት ነው። መሣሪያው ጨረር እየላከ የግድግዳውን እያንዳንዱን ነጥብ ርቀት ይለካል፤ ሚሊዮኖች ነጥቦች ሲሰበሰቡ የዋሻው ትክክለኛ ቅርጽ ይገኛል። ሁለተኛው ፎቶግራሜትሪ ነው። ግድግዳው እርስ በርሳቸው በሰፊው በሚደራረቡ በመቶዎች በሚቆጠሩ ፎቶግራፎች ይነሣል፤ ኮምፒውተሩ ያንኑ ነጥብ በተለያዩ ፎቶግራፎች ላይ እየፈለገ ቅርጹን ያሰላል፤ ቀለሙንም ከፎቶግራፎቹ ወስዶ በቅርጹ ላይ ያለብሳል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ጥሩ ካሜራ፣ የመለኪያ ዘንግና የሠለጠነ ሰው ካለ በቂ በመሆኑ፣ መኪና ለማይደርስባቸው ዳገቶች የተመቸ ነው። ከዚህ የወጣው ሞዴል ሦስት ሥራ ይሠራል፦ ለአጥኚው መለኪያ፣ ለጠባቂው የጉዳት መከታተያ፣ ለሕዝቡ ደግሞ በመነጽር የሚገባበት ዋሻ ይሆናል።

በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት ሥራ በጣም የታወቀው ምሳሌ ላሊበላ ነው። በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ በሃይንዝ ሩተር የተመራው የዛማኒ ፕሮጀክት ከዐለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ቀኝቶ ሦስት ገጽታ ያለው ሞዴል ሠርቶላቸዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ስንጥቅ መስፋቱን፣ ዐለት መሸርሸሩን በቁጥር ለመከታተል ያስችላል፤ ወደ ላሊበላ መጓዝ ለማይችል ሰውም ሕንጻዎቹን ከመሠረት እስከ ጣሪያ ያሳያል።

የላስኮ ትምህርት

ቅጂ ዋናውን ሊያድን እንደሚችል ዓለም የተማረው በፈረንሳይ ላስኮ ነው። ዋሻው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1940 ሲገኝ፣ ሥዕሎቹን መርምረው ጥንታዊነታቸውን ካረጋገጡት ቀዳሚ ሰዎች አንዱ ከሰባት ዓመት በፊት በድሬ ዳዋ ተራሮች ላይ የነበረው ያው ብሩይ ነበር። ላስኮ እ.ኤ.አ. በ1948 ለጎብኚ ተከፈተ። በቀን ከሺህ በላይ ሰው ይገባበት ጀመር፤ የጎብኚዎቹ ትንፋሽና ሙቀት የዋሻውን አየር ለውጦ በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ዋቅላሚና ነጭ የኖራ ልባስ አበቀለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ዋሻው ለሕዝብ ተዘጋ። በምትኩ በ1983 በአቅራቢያው የተሠራ የእጅ ቅጂ፣ በ2016 መጨረሻ ደግሞ በሌዘር ልኬትና በዲጂታል ሞዴል የታገዘ ሙሉ ቅጂ ተከፈተ። ሰዎች ቅጂ መሆኑን እያወቁ በብዛት ይጎበኙታል።

የድሬ ዳዋ ሁኔታ ከላስኮ ይለያል። እዚህ ሥዕሎቹን የሚያሰጋቸው የጎብኚ ብዛት አይደለም። ለነፋስና ለፀሐይ ክፍት በሆነ ዐለት ላይ ያለ ሥዕል የሚጎዳው በሚወርድ ውኃ፣ በአቧራ፣ በግድግዳው ሥር በሚነድ እሳት ጥላሸት፣ ስሙን በድንጋይ በሚጭር እጅ እና በመረሳት ነው። ከእነዚህ ሁሉ መረሳት ይብሳል፤ የማይታወቅ ቅርስ ጠባቂም በጀትም ጠያቂም አይኖረውምና። ስለዚህ በላስኮ ቅጂው ሕዝቡን ከዋሻው ለማራቅ ሲያገለግል፣ በድሬ ዳዋ ሕዝቡን ከዋሻው ጋር ለማስተዋወቅ ማገልገል አለበት። ይህ ልዩነት የሥራውን ቅርጽ ሁሉ ይወስናል።

ቅጂው ወደ ቤቱ ሲመለስ

እስካሁን ያለፉት ቅጂዎች ሁሉ አንድ አቅጣጫ ነበራቸው። የብሩይ ሥዕሎች በፓሪስ፣ የቼርቪቼክ ጥናት በአውሮፓ፣ የታራ ፎቶግራፎች በለንደን ለአንባቢና ለተመልካች ቀርበዋል። እያንዳንዱ እርምጃ ሥዕሎቹን ለዓለም አቀረበ፤ በድሬ ዳዋ ሰፈሮች በከዚራና በመጋላ ለሚኖረው፣ በለገ ኦዳ ግርጌ ከብት ለሚጠብቀው ሰው ግን ያቀረበው ጥቂት ነው። የምናባዊ እውነታ ትልቁ ዕድል ይህን አቅጣጫ መመለሱ ነው። አንድ ሞዴል አንዴ ከተሠራ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በጥቂት መነጽሮች ወይም በተማሪዎች ስልክ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው ድሬ ዳዋ ዩኒቨርሲቲ ለሥልጠናና ለማከማቻ፣ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ለማሳያ የሚሆኑ ሥፍራዎች ናቸው። ተመሳሳዩ ዘዴ ከተማዋን ለወለደው ባቡር አሮጌ ወርክሾፕም ይሠራል፤ አሮጌዎቹ የብረት መቁረጫና መፍጫ ማሽኖች ከነአቀማመጣቸው ቢመዘገቡ፣ የድሬ ዳዋ የቅርብ ዘመን ታሪክ ከጥንቱ ጋር በአንድ ቦታ ይታያል።

ሥራው የሚታመን ቅጂ እንዲሆን ግን ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ተመልካቹ በግድግዳው ላይ ያለውን እና በኮምፒውተር የደመቀውን መለየት መቻል አለበት። በዲስትሬች የወጣ ቀይ መስመር ከተፈጥሯዊው ቀለም ጋር ሳይለይ ከተቀላቀለ፣ የገልባጩ የድሮ ስሕተት በአዲስ መሣሪያ ተደገመ ማለት ነው። የብሩይን የ1933 ቅጂ በሞዴሉ ላይ ደርቦ ማሳየት በአንጻሩ ጥሩ ትምህርት ነው፤ በዘጠና ዓመት ውስጥ ምን እንደጠፋ በአንድ እይታ ይገለጣልና።

ሁለተኛ፣ ትረካው ከአካባቢው ቋንቋዎችና እውቀት መነሣት አለበት። ድሬ ዳዋ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ሐረሪ የሚነገርባት ከተማ ናት። በለገ ኦዳ አካባቢ የሚኖር አርቢ ስለ ከብት መልክ፣ ስለ ቀንድ አቀማመጥ፣ ስለ ወተት ላም ግት የሚናገረው ነገር በሥዕሎቹ ላይ ያለውን ለመረዳት ከማንኛውም የሩቅ ማብራሪያ ይቀርባል። ይህ ድምፅ በመነጽሩ ውስጥ ካልተሰማ ቅጂው ቅርጽ ብቻ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ታዋቂ መሆን አደጋም አለው። የሥፍራው ትክክለኛ መገኛ ያለ ጠባቂ ከተሠራጨ፣ ጫሪና ቁራጭ ፈላጊ ሊመጣ ይችላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን የሚያጠና ሰው ፈቃድ እንዲይዝ ይጠይቃል፤ ዲጂታል ቅጂ የሚሠራም ቡድን ከቅርስ ባለሥልጣን፣ ከከተማ አስተዳደሩና ከአካባቢው ነዋሪ ጋር አስቀድሞ መስማማት፣ የሞዴሉንም ሙሉ ቅጂ በአገር ውስጥ ማስቀመጥ ይገባዋል።

አራተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የቅጂው የራሱ ዕድሜ ነው። የብሩይ ጽሑፍ ከ1934 ጀምሮ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ አለ፤ ማንም ገልጦ ሊያነበው ይችላል። ዲጂታል ሞዴል ግን በየጊዜው ወደ አዲስ ማከማቻና ወደ አዲስ የፋይል ዓይነት ካልተሸጋገረ፣ መነጽሩም ፕሮግራሙም ሲያረጅ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጥሬ ፎቶግራፎቹን፣ ልኬቶቹንና የአሠራሩን መግለጫ ከሞዴሉ ጋር ማስቀመጥ፣ ዋና ዋናዎቹን ምስሎችም በወረቀት ማሳተም የሥራው አካል ነው። ይህ ከተደረገ፣ ከዛሬ ዘጠና ዓመት በኋላ የሚመጣ አጥኚ የለገ ኦዳን ላሞች በዘመኑ መሣሪያ ሲመረምር፣ በዘመናችን የነበሩበትን ሁኔታ ከዚህ መዝገብ ማንበብ ይችላል።